አንድ በግ ለሁለት ፋብሪካ

ስለ አንድ አገር የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የፋብሪካ ጭስ መውጫ፣ የማሽን ድምፅና የጭነት መኪና ሰልፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጉዳዩን ከሌላኛው ጫፍ፣ ማለትም ጥሬ ዕቃው ከሚነሣበት ቦታ ለመመልከት እንሞክራለን። የመረጥነው ቦታ በሰሜን ሸዋ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ራቤል ናት። የመረጥነው ጥሬ ዕቃ ደግሞ ከመንዝ በግ የሚገኘው ነው።

ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ የመንዝ በግ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ሥጋ፣ ጠጉርና ቆዳ ናቸው። ሥጋው ለገበታ ሲውል ጠጉሩና ቆዳው የፋብሪካ ግብዓት ለመሆን ይችላሉ። ባለፉት ስድሳ ዓመታት መንግሥታት አምራች ኢንዱስትሪን ለማስፋፋት ካሰቧቸው ሐሳቦች መካከል ሁለቱ፣ አንዱ ስለ ሱፍ ሌላው ስለ ቆዳ፣ በዚሁ አንድ እንስሳ ጀርባ ላይ ተገናኝተዋል። ይህን መገናኘት በቅርብ ስንመረምረው ስለ ፖሊሲ ጠቅላላ ጠባይ የሚያስተምረን ብዙ ነገር እናገኛለን።

በጉና አገሩ

የመንዝና የግሼ ደጋ አብዛኛው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰብል ከውርጭ፣ ከበረዶና ከዝናብ መዛባት ጋር ዘወትር ይታገላል። የበልጉ ዝናብ አንድ ዓመት መጥቶ በሌላው ዓመት ይቀራል። ገብሱ ሳይሰምር ሲቀር አርሶ አደሩ የሚያየው ወደ በረቱ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍነው፣ ለክፉ ቀን እህል የሚሸምተው በግ ሽጦ ነው። ስለሆነም በግ በዚህ አገር የቁም ጥሪት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመንዝ በግ በአካሉ አነስተኛ ነው፤ አዋቂዋ እናት በግ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም አትበልጥም። ላቱ ስብ የሚያከማች ሲሆን በድርቅ ወራት እንደ ስንቅ ያገለግለዋል። ከአገራችን በጎች አብዛኞቹ አጭር ጸጉር ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ የመንዝ በግ ሱፍ ከሚያበቅሉት ጥቂት ዝርያዎች አንዱ ነው። በደብረ ብርሃን የተደረጉ የምርምር ሥራዎች ይህ በግ ከሆሮ በግ ጋር ሲነጻጸር የጠቦቶቹ ሞት ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ዝርያው በብርዱና በግጦሽ እጥረቱ ለብዙ ዘመን ተፈትኖ የቀረ ነው።

ጠጉሩ፦ ከእንዝርት ወደ ፋብሪካ

በመንዝ የበግ ጠጉር ሥራ ከፋብሪካ በፊት የነበረ የአምራችነት ሙያ ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። ከዚህም በርኖስ፣ ባናና ዝተት ይወጣሉ። በርኖሱ በአብዛኛው በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነው ጠጉር ስለሚሠራ ማቅለሚያ አያስፈልገውም።

የሙያው ሳይንሳዊ መሠረት በጠጉሩ አፈጣጠር ላይ ያርፋል። የበግ ጠጉር ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ የላይኛው ገጹ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ንጣፎች የተሸፈነ ነው። ጠጉሩ ረጥቦና ሞቆ ሲታሽ ወይም ሲረገጥ እነዚህ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ጨርቁም ይጠብቃል፣ ይወፍራል፣ ነፋስም የማያሳልፍ ይሆናል። በተጨማሪም በጠጉሮቹ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀት ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ይከላከላል። ጥሩ በርኖስ የለበሰ ሰው የደጋውን ብርድ የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ለእንዝርት የተስማማ ጠጉር ሁሉ ለማሽን አይስማማም። የሱፍ ጥራት ከሚለካባቸው ነገሮች ዋነኛው የእያንዳንዱ ዘለላ ውፍረት ነው። የሜሪኖ በግ ሱፍ በአማካይ ከ18 እስከ 24 ማይክሮ ሜትር ይሆናል፤ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ለምንጣፍ የሚውለው ሻካራ ሱፍ ግን ከ30 ማይክሮ ሜትር በላይ ይሆናል። የመንዝ በግ ጠጉር ከሻካራው ወገን ሲሆን፣ ከውስጡም መካከላቸው ባዶ የሆነ፣ ወፍራምና ተሰባሪ ዘለላዎች ይገኛሉ። እነዚህ ዘለላዎች ቀለም በሚገባ አይቀበሉም። ጥቁሩንና ቡናማውን ጠጉር ደግሞ በሌላ ቀለም ማቅለም አይቻልም። ከዚህም ሁሉ ጋር ከአንድ በግ በዓመት የሚሸለተው መጠን ብዙውን ጊዜ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም።

የደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ሲቋቋም አገሪቱ በአምስት ዓመት ዕቅዶች አማካይነት ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት የምትጥርበት ዘመን ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ የተሟላ ነበር፤ ብርዱ አለ፣ ብርድ ልብስ ፈላጊ አለ፣ በጉም በአቅራቢያው አለ። የጎደለው ለማሽን የሚስማማ በቂ ሱፍ ነበር። በ1959 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የበግ ዝርያ ማሻሻያና ማባዣ ማዕከል ተቋቋመ፤ ከዓላማዎቹም አንዱ የሱፉን መጠንና ጥራት ማሳደግ ነበር። ቆየት ብሎም በዚያው በመንዝ ምድር፣ በአመድ ጉያ፣ ሌላ ማዕከል ተመሠረተ።

ስለዚህ የተመረጠው መንገድ በጉን ለፋብሪካው እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ነበር። ኮሪዴል፣ ሀምሻየርና ሮምኒ የተባሉ የባሕር ማዶ ዝርያዎች በተለያየ ጊዜ ወደ አገራችን ገብተው ከአገሬው በግ ጋር ተዳቀሉ። ገበሬው ግን የኮሪዴልንና የሀምሻየርን ዲቃላ አልወደደውም። ላት የለውም፤ ቀንድም የለውም። ለባለሙያው ይህ የመልክ ጉዳይ ይመስል ይሆናል፤ ለገበሬው ግን በገበያ የሚከፈለው ዋጋ በላቱና በቀንዱ ጭምር የሚወሰን ነበር። ከዚያ በኋላ ከእስራኤል የመጣው የአዋሲ በግ ላታም በመሆኑ የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። ነገር ግን በማባዣ ማዕከሎቹ ሜዲ ቪዝና የተባለ፣ ሳንባን የሚጎዳና ፈውስ የሌለው የቫይረስ በሽታ በመገኘቱ የአውራ በጎቹ ሥርጭት ለዓመታት ተስተጓጎለ። በዚህ መካከል በዓለም ዙሪያ አክሪሊክን የመሰሉ ሰው ሠራሽ ጭረቶች ረክሰው በመምጣታቸው የብርድ ልብስ ፋብሪካዎች በሱፍ ላይ የነበራቸው ጥገኝነት ቀነሰ። የመንዝ ጠጉርም ከእንዝርቱ አልራቀም።

ቆዳው፦ ሁለተኛው ፋብሪካ

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከቆዳ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት፣ ለጃኬትና ለጫማ የተመቸ ነው ተብሎ በዓለም ገበያ ታውቋል። የዚህም ምክንያት በቆዳው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ቆዳ ከኮላጅን ጭረቶች የተሸመነ ነገር ነው። ሱፍ በብዛት በሚያበቅል በግ ላይ የሱፍ ሥሮችና ከእነርሱ ጋር ያሉት የወዝ ዕጢዎች ቦታ ስለሚይዙ የቆዳው የላይኛውና የታችኛው ክፍል በላላ ሁኔታ ይያያዛሉ። ቆዳው ሲለፋም ልል ይሆናል፣ ንጣፎቹም ሊላቀቁ ይችላሉ። አጭር ጸጉር ባለው በግ ላይ ግን ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢያን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንፈልጋለን። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከበጉ ብዙ ሱፍ ይፈልጋል፤ ቆዳ ፋብሪካው ደግሞ ሱፉ ያነሰ በግ ይመርጣል። ሁለቱም የአገር ኢንዱስትሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም የመንግሥትን ድጋፍ የሚሹ ናቸው። የሚፈልጉት ግን በዘር ረገድ ተቃራኒ ነው። የራቤል ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ በግ ይፈልጋል፤ ቶሎ የሚደልብ፣ ብርዱን የሚችልና በዓል ሲደርስ ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣ። ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ተብሎ በጉን መለወጥ አስቸጋሪ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ጥሬ ዕቃን በአገር ማቆየት

በ1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወርሰው በማዕከላዊ ዕቅድ ሲመሩ ቆዩ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወደ ግል ይዞታ መዛወር ጀመሩ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ግብርናን መሠረት ያደረገና ወደ ውጭ ገበያ የሚያመራ ዕድገትን ዓላማው አደረገ፤ ቆዳና የቆዳ ውጤቶችም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች መካከል ተቆጠሩ። በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ የውጭ ሽያጭ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። በ2004 ዓ.ም. ይኸው ቀረጥ ለፍጻሜ ደረጃ አንድ እርምጃ ብቻ በቀረው ክረስት በሚባለው ቆዳ ላይም ተዘረጋ።

የቀረጡን ትርጉም በቀላል ስሌት እናስረዳ። አንድ ነጋዴ ጥሬ ቆዳ በውጭ አገር በ100 ብር ሊሸጥ ቢችል፣ ቀረጡ 150 ብር ይሆናል። ይህም ማለት ከሽያጩ ምንም ሳያገኝ ሌላ 50 ብር ከኪሱ መጨመር አለበት። ስለዚህ ቀረጡ በስሙ ግብር ቢሆንም በውጤቱ ክልከላ ነበር።

ሐሳቡ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ቆዳ ሲለፋ ብዙ ውኃ ይፈጃል፤ ጨው፣ ሰልፋይድና ክሮም ያለበት ፍሳሽም ይወጣዋል። በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ የሚልክ አገር ብክለቱን በአገሩ አስቀርቶ ትርፉን ለሌላው የሚያስረክብ ነው። ጫማና ጓንት ሠርቶ የሚልክ ግን ለወጣቶቹ ሥራ ያገኛል። ከዓመታት በኋላ ያለቀለት ቆዳ፣ ጫማና ጓንት ድርሻቸው አደገ። በ2004 ዓ.ም. የቻይናው ሁዋጂያን የጫማ ኩባንያ በዱከም ሥራ ጀመረ። የዘርፉ የውጭ ገቢም በዓመት ከ100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ለመድረስ በቃ።

ይህ ዘዴ አዲስ ግኝትም አልነበረም። እንግሊዝ ራሷ በመካከለኛው ዘመን ጥሬ ሱፍ ለፍላንደርስ ሸማኔዎች የምትሸጥ አገር ነበረች። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ የባሕር ማዶ ሸማኔዎችን ወደ አገሩ ጋበዘ፤ ወደ ውጭ በሚወጣው ሱፍ ላይም ከባድ ቀረጥ ነበረ። ከ1660ዎቹ ጀምሮ እስከ 1824 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ ጥሬ ሱፍ ከእንግሊዝ እንዳይወጣ ፈጽሞ ተከልክሎ ኖሯል። አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ክልከላ ሲመረምር የሱፍ ዋጋ በአገር ውስጥ ከሚገባው በታች መውረዱን አሳይቷል። ከዚህም ጋር እረኛው ትርፉን በዋናነት የሚጠብቀው ከሥጋው ስለሆነ፣ ሱፉ ቢረክስም በግ ማርባቱን እንደማይተው አስረድቷል። ይህ ነጥብ ስለ ራቤል ለምንናገረው ቁልፍ ነው።

የራቤል ስሌት

በራቤል አካባቢ የምትኖር አንዲት ባለ በግ እናት በምናባችን እንውሰድ። በፋሲካ ዋዜማ በግ ታርዳለች፤ የምታርደው ሁዳዴ ስለተፈታ እንጂ ቆዳ ስለተወደደ አይደለም። ቆዳ ቢረክስም ቢወደድም የሚታረደው በግ ቁጥር ብዙም አይለወጥም። የኢኮኖሚ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አቅርቦት ለዋጋ ለውጥ ቸልተኛ ነው ይሉታል። ስለዚህ ዋጋው ወርዶ እንኳ ቆዳው በቁጥር አይጠፋም ብሎ መገመት ትክክል ነው። ዋጋው የሚለውጠው የእጅን ጥንቃቄ ነው።

በግ ከታረደ በኋላ ቆዳው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በባክቴሪያ መጠቃት ይጀምራል። ይህን ለማስቆም ቆዳውን ዘርግቶ፣ ሥጋና ስቡን አስወግዶ፣ የክብደቱን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጨው ማልበስ ያስፈልጋል። ጨው ከቆዳው ውኃ ስቦ ስለሚያወጣ ባክቴሪያው ለመራባት አይችልም። በአገፋፈፍ ጊዜም ቢላዋ ቆዳውን እንዳይበሳው ዝግ ብሎ መሥራትን ይጠይቃል። ለምሳሌ ያህል ጨውና ድካሙ 20 ብር ያወጣል ብንል፣ ቆዳው 100 ብር በሚሸጥበት ዘመን እናታችን ይህን ሁሉ ብታደርግ ታተርፋለች። ቆዳው 15 ብር በሚሆንበት ዘመን ግን ጥንቃቄዋ ኪሳራ ይሆናል። ከራቤል በመሐል ሜዳና በሞላሌ በኩል ወደ ዋናው መንገድ የሚያደርሰው የመጓጓዣ ወጪ ሲጨመርበት ደግሞ ሰብሳቢውም አይመጣም።

ከእርድ በፊት የሚደርስ ጉዳትም አለ። በቆዳ ፋብሪካዎች እከክ ተብሎ የሚታወቀው ጉድለት የደጋ በግ ቆዳ ደረጃ ዝቅ ከሚልባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። መነሻው የበግ ቅማልና ክንፍ የሌለው ደም መጣጭ የበግ ዝንብ ናቸው። በጉ ለንክሻቸው በሚሰጠው የሰውነት ምላሽ በቆዳው ውስጥ ጥቃቅን እብጠቶች ይፈጠራሉ። ጠጉሩ ሳለ አይታዩም፤ ቆዳው ተመልጦ ሲለፋ ብቻ ይገለጣሉ። በጉ በመድኃኒት ሲታጠብ ወይም ሲረጭ ጉዳቱ በጊዜ ሂደት ይድናል። ይሁንና ገዢው ንጹሑንና እከካሙን ቆዳ በአንድ ዋጋ ከገዛ ማን ለመድኃኒት ገንዘብ ያወጣል?

ክልከላው ችግሩን ያባባሰው በዚህ በኩል ነው። ጥሬ ቆዳ የሚገዙት የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ብቻ ሲሆኑ የቆዳው ዋጋ በእነርሱ የመግዛት አቅም ላይ ተንጠለጠለ። ፋብሪካዎቹ ለኬሚካል መግዣ የውጭ ምንዛሪ ሲያጡ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ መሥራት ሲከብዳቸው፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ሲያጥራቸው መግዛታቸውን ቀነሱ። ሌላ ገዢ አልነበረም። ከ2010 ዓ.ም. ዙሪያ ጀምሮ በበዓላት ማግሥት የበግ ቆዳ በየመንደሩና በየከተማው ተጥሎ ይታይ ጀመር። ቀድሞ አጎዛ፣ ለምድ፣ ስልቻና ብራና ይሆን የነበረ ነገር ቆሻሻ ሆነ። የዘርፉ የውጭ ገቢም በ2013 ዓ.ም. ከደረሰበት ከፍታ ከግማሽ በታች ወረደ። ለዚህ ውድቀት የኮሮና ወረርሽኝ፣ ጦርነትና የዓለም ፋሽን መለወጥም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በቀረጡ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ቢሆንም ጥራት ያለው ጥሬ ቆዳ ያጣ ፋብሪካ በደህናውም ጊዜ ጥሩ ጓንት አይሠራም።

ጠላትነቱና ወዳጅነቱ

ከላይ ሱፍና ቆዳ በዘር ረገድ እንደሚጣሉ ተናግረን ነበር። በአያያዝ ረገድ ግን ወዳጆች ናቸው። ቅማሉና ደም መጣጩ ዝንብ የሚደበቁት በረጅሙ ጠጉር ውስጥ ነው። በጉ በደረቁ ወራት በጊዜው ሲሸለት ብዙው ተባይ ከጠጉሩ ጋር ይወገዳል፤ የቀረውንም መድኃኒቱ በቀላሉ ያገኘዋል። በመሆኑም ለዝተትና ለበርኖስ የሚሆነው ጠጉር ዋጋ ቢኖረው ገበሬው ይሸልታል፤ ሲሸልት እከኩ ይቀንሳል፤ እከኩ ሲቀንስ የቆዳው ደረጃ ከፍ ይላል። የራቤልን ሸማኔ መደገፍ በተዘዋዋሪ የቆዳ ፋብሪካውን መደገፍ ነው ማለት ነው። እስካሁን ግን ሱፉ በአንድ ዕቅድ፣ ቆዳው በሌላ ዕቅድ ሲታሰብ ይህ ዝምድና ሳይታይ ቆይቷል።

በጉን በተመለከተም አበረታች ትምህርት አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍና አገር አቀፍ የምርምር ተቋማት በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ በኅብረተሰብ የሚመራ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀመሩ። በዚህ ሥራ አውራውን የሚመርጡት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከገዛ መንጋቸው፣ በሚያውቁትና በሚፈልጉት መለኪያ። ባለሙያው መዝግቦ ያመዛዝናል። ባዕድ በግ አምጥቶ ገበሬውን ተቀበል ከማለት ይልቅ የገበሬውን ምርጫ መነሻ ማድረግ እንደሚቻል ሥራው አስመስክሯል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን እናስቀምጣለን። አንደኛ፣ ቆዳ በደረጃው መገዛት ይኖርበታል፤ ንጹሑን ቆዳ ያቀረበ ልዩነቱን በእጁ ሲያይ ጨውም መድኃኒትም ይገዛል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ዕቃን በአገር ማስቀረት ያስፈለገ እንደሆነ ከክልከላው የሚገኘው ጥቅም ከፊሉ ወደ በረቱ መመለስ አለበት፤ በጨው፣ በተባይ መከላከያና በመሰብሰቢያ ጣቢያ መልክ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ፋብሪካው መግዛት ባልቻለበት ወቅት ቆዳው ሌላ መውጫ እንዲያገኝ በሩ በጊዜው መከፈት ይገባዋል። የተጣለ ቆዳ ለማንም ፋብሪካ አይጠቅምምና።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ “ኢትዮጵያ ታምርት” በሚል ንቅናቄ አምራች ኢንዱስትሪው ዳግመኛ የአገር መነጋገሪያ ሆኗል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን አምራቹ ከፋብሪካው በር ውስጥ ያለው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ልናስታውስ እንወዳለን። በራቤል ደጋ እንዝርቷን የምታሾር እናትና በጉን ተጠንቅቆ የሚገፍፍ አባወራም አምራቾች ናቸው። ፖሊሲው ለእነርሱ ያደረገላቸውን ለማወቅ የሚሻ ሰው በፋሲካ ማግሥት ወደ ራቤል ይሂድ፤ ቆዳው ጨው ለብሶ ታጥፎ እንደተቀመጠ ወይም ከአጥር ውጭ ተጥሎ እንደሆነ ይመልከት። መልሱን ከዚያ ያገኘዋል።